መብራት ቢጠፋም የሚሰማ ጊታር

«ጊታር ልገዛ ነው፤ ምን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሙዚቃ አይደለም። ጎረቤትህ ማን ነው? ከሥራ የምትገባው በስንት ሰዓት ነው? ውጭ አገር አብዛኞቻችን የምንኖረው ግድግዳው ስስ በሆነ አፓርታማ ነው። ሺፍት እንሠራለን። እጃችን ጊታር ለመያዝ ነፃ የሚሆነው ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ልጆች ተኝተው፣ ሳህን ታጥቦ።

እኔ ሚኒያፖሊስ ሃያ ዓመት ኖርኩ። አሁን ዓመቱን ከሁለት ከፍዬ ግማሹን ባሕር ዳር፣ እህቴ ቤት አሳልፋለሁ። ጊታር የጀመርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ይሄ የሙዚቀኛ ምክር አይደለም፤ ብዙ ብር አባክኖ የተማረ ሰው ምክር ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት አኩስቲክ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሰማው ነበር። ድምፁ ደስ ይላል፤ የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ግን በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይደበድብ ነበር። ቀጥዬ ድፍን እንጨት የሆነውን ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛሁ። እሱ ደግሞ አምፕሊፋየር ካልተሰካበት ድምፁ የዝንብ ነው። ልቤን ያሳረፈው ሦስተኛው ነው። ሴሚ ሆሎው ይባላል፤ ግማሽ ድፍን፣ ግማሽ ባዶ ማለት ነው። ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ሳልሰካው ስመታው ለእኔ ይሰማኛል፣ ለጎረቤት አይሰማም። ባሕር ዳር መብራት ሲጠፋም እንደዚያው። ሰፈሩ ይጨልማል፣ ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፣ እኔ ግን ሥራዬን እቀጥላለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማሲንቆን አስቡት። ድምፁን የሚያጎላው የሣጥኑ ባዶነት ነው። ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ ኤሌክትሪክ ጊታርም አለ፤ የጃዝ ሰዎች ይወዱታል። ችግሩ አምፕሊፋየሩ ከፍ ሲል ሣጥኑ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበልና ይጮኻል። ማይክራፎን ስፒከር አጠገብ ሲደርስ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ጊብሰን በ1958 (በፈረንጆቹ) ኢኤስ 335 የተባለውን ጊታር ሲያወጣ መሀሉ ላይ ድፍን እንጨት ከተተበት፤ ግራና ቀኙን ባዶ ተወው። ጩኸቱ ቀነሰ፣ የሣጥኑ ለስላሳነት ግን አልጠፋም። ፊቱ ላይ እንደ ቫዮሊን ሁለት ጠመዝማዛ ቀዳዳዎች አሉት። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡት አብዛኞቹ የዚህ ጊታር ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ዋናው ጊብሰን ዛሬ 3,000 ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። እርሱት። የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ለእናቱ መድኃኒት የሚልክ ሰው ለመዝናኛ ያንን ያህል አያወጣም። ከዚያ በብዙ በሚያንስ ዋጋ ኢፒፎን አለ፣ የአይባኔዝ አርትኮር አለ፣ የግሬች ስትሪምላይነር አለ፣ የስኳየር ስታርካስተር አለ። ኢፒፎን የጊብሰን የራሱ ንብረት ነው፤ የ335ን ቅርፅ በይፋ የሚሠራውም ለዚህ ነው። የእኔ አይባኔዝ ነው። ያገለገለ፣ በ280 ዶላር። ገላው ላይ አንድ ጭረት አለበት፤ እኔም አለብኝ።

ሻጩ «ላሚኔት ነው» ሲላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ላሚኔት በእኛ አገር ስሙ ኮምፔርሳቶ ነው። ያ ውዱ ጊብሰንም ከመጀመሪያው ጀምሮ የሜፕል ኮምፔርሳቶ ነው። እንዲያውም ለእኛ ኑሮ ይሄ ይሻላል። ሚኒያፖሊስ በበረዶው ወራት ማሞቂያው የቤቱን አየር በርበሬ ማስጫ ያደርገዋል። ባሕር ዳር ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሳይቀር ይሻግታል። ፊቱ አንድ ወጥ ጣውላ የሆነ አኩስቲክ በዚህ መሀል ሲመላለስ ይሰነጠቃል። ኮምፔርሳቶ ይችለዋል። አንገቱ ግን ትንሽ ይጎብጣል ወይም ይቃናል፤ ውስጡ ያለውን ማስተካከያ ብረት በሩብ ዙር ማዞር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ በራሳችሁ አትታገሉ።

ያገለገለ ስትገዙ መጀመሪያ አንገቱንና ራሱን የሚያገናኘውን ቦታ ከኋላ እዩ። ጊታር ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ነው፤ ሙጫ የነካው መስመር ካያችሁ ጥላችሁ ውጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ (አንገቱ ላይ በተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ምቱ፤ የሚንጫረር ቦታ አለ ወይ? ማዞሪያዎቹን ስታዞሩ ቢንኮሻኮሽ አትደንግጡ፣ አቧራ ነው፤ በኮንታክት ክሊነር፣ በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ይጸዳል። ይልቅ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት። ቀለም መጨረሻ ላይ ነው የሚመረጠው። ብዙ ሰው ግን ከእሱ ይጀምራል፣ እኔን ጨምሮ።

ብራችሁን ሁሉ ጊታሩ ላይ አትጨርሱ። 400 ዶላር ካላችሁ 300 የሚያወጣውን ግዙና በቀረው ባለሙያ ያስተካክለው። ክሩ ከፍሬቱ ያለው ከፍታ ሲስተካከል፣ አዲስ ክር ሲገባለት ርካሹ ጊታር ሌላ ሰው ይሆናል። ጣታቸው ቆስሎ ጊታሩን አልጋ ሥር የከተቱ ስንት ሰዎች አውቃለሁ። ጥፋቱ የጣታቸው አልነበረም፤ ክሩ ከፍ ብሎ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት እንምጣ። የመጀመሪያው ዓመት ባለ 120 ቮልት አምፕሊፋየሬን ከአሜሪካ ተሸክሜ መጣሁ። ግድግዳው ላይ ሰካሁት። አገሩ 220 ነው። «ጢሽ» አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ገና ከመምጣትህ?» አለችኝ። እናንተ አስማሚው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240» ካለ የሶኬት ማገናኛ ብቻ ይበቃችኋል። ካላለ እዚያው ተዉት። ከሁሉ የሚሻለው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ነው። እኔ አሁን ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ነው የምይዘው፤ ስድስት ትንንሽ ድንጋይ ይጎርሳል፣ ጣና ዳርም ይዤው እወጣለሁ። ሰዓቱን ግን ምረጡ፤ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ እዚያ የሚቀበላችሁ የወባ ትንኝ ነው።

ጉዞው ራሱ አንድ ጣጣ ነው። የዚህ ጊታር ገላ ወርዱ 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የተራ ኤሌክትሪክ ጊታር ቦርሳ አይበቃውም። ጠንካራ ሣጥን ግዙለት። ክሩን ትንሽ አላሉት፣ ራሱ ሥር ካልሲና ሹራብ ጎስጉሱ። በአሜሪካ ሕግ የአገሪቱ አየር መንገዶች ቦታ እስካለ ድረስ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ እንዲያስገቡ ይገደዳሉ። ሕጉ የሚገዛው ግን የአሜሪካኖቹን ብቻ ነው። የእናንተን አየር መንገድ ቲኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ብዙ ጊዜ የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ የላዩ ዕቃ ማስቀመጫ ጊታር አይችልም። ቦታ ከተረፋችሁ ክር ሙሉበት። አሥር እሽግ ክር ከአንድ ጥንድ ጫማ ይቀላል፤ እዚህ ለሚመታ ልጅ ግን ከጫማው ይበልጥበታል።

ስለ ጃኩ ልንገራችሁ፤ ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ማለቴ ነው። ውጭ ያለው ብሎን ቀስ በቀስ ይላላል። እኔ አላየሁትም። የእህቴ ልጅ ሽምግልና ቀን፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ገመዱን ስሰካ ጃኩ ተንሸራቶ ሆዱ ውስጥ ገባ። ድፍን ጊታር ቢሆን ክዳኑን ፈትቶ ማውጣት ነው። አብዛኛው ሴሚ ሆሎው ግን ከኋላ ክዳን የለውም። ፋብሪካ ውስጥ ሽቦው ሁሉ የሚገባው በዚያች ጠመዝማዛ ቀዳዳ ነው። ጊታሩን ገልብጬ አራገፍኩት። ሽማግሌዎቹ እኔን ያያሉ፣ እኔ ቀዳዳውን አያለሁ።

በማግስቱ ገበያ አካባቢ ካለ ራዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩት። ጊታር ነክቶ አያውቅም። ትንሽ አየውና አሮጌ የጊታር ክር ጠየቀኝ። ክሩን በጃኩ ባዶ ቦታ አስገብቶ በጠመዝማዛው ቀዳዳ አወጣው። ጃኩን በዚያው ቀዳዳ በወረንጦ ጎትቶ ብቅ አደረገው፣ ክሩን አሰረበት፣ ከዚያ ዓሣ እንደሚያወጣ ሰው ቀስ እያለ ሳበው። ጃኩ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ሃምሳ ብር አለኝ፤ ሁለት መቶ ሰጠሁት። ስለዚህ ከመጓዛችሁ በፊት ብሎኑን አጥብቁ። ስታጠብቁ ግን ጃኩ አብሮ እንዳይዞር ያዙት፤ ከዞረ ውስጥ ያለው ሽቦ ተጠማዞ ይበጠሳል።

ወደ ዜማው ስመጣ፣ ይሄ ጊታር ለትዝታ የተሠራ ይመስለኛል። ወደ አንገቱ የቀረበውን ፒክአፕ (ከክሩ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚቀበለውን ማግኔት) ምረጡ፣ የቶኑን ማዞሪያ እስከ ግማሽ ቀንሱት። ለችክችካ ደግሞ ወደ ብሪጁ፣ ክሩ ገላው ላይ ወደሚያርፍበት ድልድይ የቀረበውን። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታረኛ የነበረውን ሰላም ሥዩምን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ ከዘፋኙ ሥር ገብቶ ሲወጣ ተከታተሉት። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ጀማሪም ይይዘዋል። ባቲና አምባሰል ይቀጥላሉ። አንቺሆዬ ላይ ግን ፍሬቱ ራሱ ይከዳችኋል። አዝማሪው የሚፈልገው ድምፅ በሁለት ፍሬት መሀል ይወድቅና ክሩን በጣት ገፍታችሁ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ቀጭን ክር ይሻላል፤ እሽጉ ላይ የውፍረት ቁጥሩ ከ9 ወይም ከ10 የሚጀምረው። የክር ርዝመቱም ልዩነት አለው። አይባኔዙ፣ ኢፒፎኑና ግሬቹ 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ስታርካስተሩ ወደ 65 ይጠጋል፣ ሲገፉትም ጠንከር ይላል።

እዚህ አዝማሪ ቤት ጊታሬን ይዤ የገባሁ ቀን በመቃኛ ማሽኔ ጥንቅቅ አድርጌ ቃኝቼ ነበር። ከማሲንቆው ጋር ስንጀምር አብረን የምንሄድበት ነገር ጠፋ። ማሲንቆ የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው እንጂ ለማሽን አይደለም። የዚያን ቀን ጉሮሮው ዝቅ ብሎ ነበር። ማሽኑን ኪሴ ከተትኩና በጆሮዬ ወደ እሱ ወረድኩ። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ እንግዳ ነው ወደ ባለቤቱ የሚቃኘው። አዝማሪው የጊታሩን ሁለት ቀዳዳዎች አየና ዞር ብሎ ለቤቱ እንዲህ አለ፦

ባሕር ማዶ ኖሮ ሃያ ዓመት ለፍቶ፣
ይዞ መጣላችሁ ቀዳዳ ሸማምቶ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግንባሩ ላይ ብር ለጠፍኩለት፤ ምን አደርጋለሁ። አሁን ገና ከበር ስታይ «ባለ ቀዳዳው መጣ!» ይሉኛል።