መልስ፦ ክሽክሽ ይቋቋማል የተባለው አልፋልፋ ለምን ተወረረ?

አልተሸወድክም። «በጣም ይቋቋማል» ተብሎ የተሸጠልህ አልፋልፋ (የከብት መኖ ተክል) ውስጥ አንዱ ተክል ንጹህ ሆኖ አጠገቡ ያለው በክሽክሽ (የተክል ጭማቂ በሚመጥ ትንሽ ነፍሳት) መወረሩ ያለ ነገር ነው። አልፋልፋ እርስ በርሱ ስለሚዳቀል በአንድ ከረጢት ያለው ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በዘር ምዘና «በጣም ይቋቋማል» የሚባለው ከተክሎቹ ከ50 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሲቋቋሙ ነው። የቀሩት ሊጠቁ ይችላሉ።

አሁን እንዲህ አድርግ፦

1. ክሽክሹን ለየው። ተለቅ ያለ፣ አረንጓዴና እግረ ረጅም ከሆነ የአተር ክሽክሽ ነው። ትንሽ፣ ቢጫ፣ ጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተደረደረበት ከሆነ ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ እሱን ከታችኞቹ ቅጠሎች ሥር ፈልገው። አንዱን የሚቋቋም ዘር ለሌላው ላይበገር ይችላል፣ ስለዚህ የዘሩን መግለጫ መልሰህ አንብብ።

2. ለአጨዳ ከተቃረበ እጨደው። መድኃኒት አያስፈልግህም።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ ቡቃያ ላይ አትዘናጋ። ተክሉ ለጋ ሳለ መቋቋሙ ገና አልጠነከረም፣ ብርድ ሲበዛም ይዳከማል። ያደገ ማሳ ችሎ የሚያልፈው የክሽክሽ ብዛት ቡቃያን ይገድላል። ግንዱን ነጭ ወረቀት ላይ እያራገፍክ ቁጠር። እግረ መንገድህን ቀይ ሆነው ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸውን ጥንዚዛዎችም እይ። እነሱ ከበዙ መርጫውን አስቀምጠው፤ ክሽክሹን እየበሉልህ ነው፣ ያገኙትን መድኃኒት መርጨት ደግሞ እነሱንም ይፈጃል።