መልስ፦ ባለ አንድ ዓይኖቹ ሰዎች

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣሉት አንዳንድ ሰዎች ለምን አንድ ዓይን ብቻ እንዳላቸው ጠይቀኸኛል። ዕውሮች አይደሉም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፤ ስለዚህ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ቀና ብለህ እያቸው፤ ዓይናቸው አፍጥጦ ነው የሚጠብቅህ።

«ሰው እንዲህ ክፉና ጻድቅ ተብሎ በሁለት ይከፈላል ወይ?» ብትለኝ፣ እኔ አይመስለኝም። ሠዓሊው ግን ፊደል ላልቆጠረ ምእመን ነበር የሚሥለው። ማን ከማን ወገን እንደሆነ ቶሎ መለየት ነበረበት። የዛሬ ፖለቲከኞችም ተቃዋሚያቸውን በጎን ነው የሚሥሉት፤ ያውም ፊደል ለቆጠርነው!

አንድ ነገር ልምከርህ፦ በዚህ ሕግ አዳዲስ ሥዕሎችን አትዳኝ፤ ብዙዎቹ አይጠብቁትም። የስልክህንም ፍላሽ አጥፋ። ቄሱ ይቆጡሃል።