ውሃው ሲደፈርስ ቁጥሩ ለምን ወረደ?

አዳማ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የውሃ ማጣሪያ ላይ የሚሠሩ አንባቢ እንዲህ ብለው ጠይቀዋል፦ «የምናጣራው የአዋሽን ውሃ ነው። ሰሞኑን ዝናቡ ሲበረታ ውሃው ጭቃ ሆኖ መጣ። ተርቢዲቲ ሜትሩ (የውሃ ድፍርስነት መለኪያው) ግን ከትናንቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጠኛል። ካሊብሬት አድርጌዋለሁ (በታወቀ ናሙና አስተካክዬዋለሁ)። ተበላሽቶ ይሆን?»

ለጥገና ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ናሙናውን ከዲስቲልድ (ተንኖ ከተጣራ) ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ በግማሽ ገደማ ከወረደ የመጀመሪያው ንባብ ልክ ነበር። ካልወረደ ወይም ጭራሽ ከጨመረ ግን ውሃው ከመሣሪያው አቅም በላይ ነው። እኔ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

መሣሪያው ጭቃውን አይመዝንም፤ የሚያየው ብርሃን ነው። የመብራቱ ብርሃን ናሙናው ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ሴንሰሩ በ90 ዲግሪ ጎን ተቀምጦ ከደለሉ ነጥሮ ወደሱ የመጣውን ብርሃን ይለካል። ደለሉ ሲጨምር የሚነጥረውም ይጨምራል፣ ግን እስከ አንድ ልክ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው እየተላተመ ይባክናል፤ ቡናማው አፈርም ይውጠዋል። ሴንሰሩ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩ ይወርዳል። ካሊብሬሽን እዚህ ላይ አያድንም።

መፍትሔው ማቅጠን ነው። 100 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ 900 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ይጨምሩ፤ ያነበቡትን በ10 ያባዙ። 85 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) ካሳየ ትክክለኛው 850 ገደማ ነው ማለት ነው። ዲስቲልድ ውሃ ከጠፋ የታሸገ ውሃም ለዚህ ያህል ድፍርስ ይበቃል፤ መጀመሪያ ግን ብቻውን ለክተው ይዩት።

ጠርሙሱን እንደ ሽሮፕ አይነቅንቁት። አረፋ ብርሃን ስለሚበትን ቁጥሩን ያለ አግባብ ያንረዋል። ቀስ ብለው ሁለት ሦስቴ ይገልብጡትና ቶሎ ያንብቡ፤ የጎርፍ አሸዋ ለመዝቀጥ ጊዜ አይወስድበትም። ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ናሙና ከሆነ ደግሞ የአዳማ ሙቀት ብልቃጡን ወዲያው ላብ በላብ ያደርገዋል። ያ ጤዛም ይቆጠራል፤ የጣት አሻራም እንዲሁ። ናሙናው ይሙቅ፣ ብልቃጡን በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ብልቃጡ ላይ ያለውንም ምልክት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ያስገቡት።

የሌላ ድርጅት መሣሪያ የተለየ ቁጥር ቢሰጥ አይደንግጡ። አንዳንዱ ነጭ ብርሃን በሚሰጥ የተንግስተን አምፖል፣ አንዳንዱ ዓይን በማያየው የ860 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው የሚሠራው። ቀለም ያለው ውሃ ነጩን ብርሃን ይውጣል፣ ኢንፍራሬዱን ግን ብዙም አይነካውም።

ዝቅ ብሎ በመጣው የተሳሳተ ቁጥር ተመርተው የአሉምን (ደለሉን አሰባስቦ የሚያዘቅጠውን ኬሚካል) መጠን እንዳይቀንሱ። መጠኑን በጃር ቴስት፣ ማለትም የተለያየ መጠን በተለያዩ ማሰሮዎች ሞክረው፣ ይወስኑ። ከተጣራ በኋላ፣ ክሎሪን ከመግባቱ በፊት፣ ውሃው ከ1 ኤንቲዩ በታች ቢሆን ይመረጣል። እዚያ ላይ ማቅጠን አያስፈልግም፤ የሚያሳስተው የተጫረ ብልቃጥ ነው።

አቅጥነውም ቁጥሩ አልረጋ ካለ፣ ያኔ አምፖሉን ይጠርጥሩ። የተንግስተን አምፖል እያረጀ ይደክማል።