«አንቺ ጋ ልምጣ?» አለኝ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ያደግኩት ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። እዚያ ምሳ ላይ ሁሌ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር፤ ወንድሜ ነው የምለው። አሥራ ስምንት ሲሞላን ወጣን። እኔን የቀድሞ ሞግዚታችን አስጠጋችኝ፣ ሥራም አገኘሁ። እሱ የሚያስጠጋው አጣ። ጎዳና ወጣ፣ በኋላም ሱቅ ሰብሮ ተያዘ። አሁን ሸዋሮቢት ታስሯል።

ከኔ ሌላ ጠያቂ የለውም። በሶና ቆሎ ይዤ፣ ጣርማበርን ወርጄ እሄዳለሁ። ባለቤቴን ግን «ሽንኩርት ልገዛ ነው» እለዋለሁ። እውነትም ሽንኩርት ተሸክሜ እመለሳለሁ። ማሳደጊያ ማደጌን ያውቃል፤ ስለታሰረው ወንድሜ ግን ነግሬው አላውቅም። በሩ ላይ «ምኑ ነሽ?» ሲሉኝ «እህቱ» እላለሁ፤ የአባታችን ስም ስለማይገጥም ሁሌ እሳቀቃለሁ።

ባለፈው እዚያው እስር ቤት የሠራውን ሻርፕ ሰጠኝ፤ «የናንተ አገር ይበርዳል» ብሎ። ቀጥሎ «በአመክሮ ልወጣ ነው። አንቺ ጋ ልምጣ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፣ ልጆች አሉን። እምቢ ብለው ሌላ ሰው የለውም። እሺ ብለው ትዳሬስ?

እህቱ ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። በሩ ላይ «ጓደኛው ነኝ» በያቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እስረኛ ከዘመዶቹ ብቻ ሳይሆን ከጓደኞቹም ጋር የመገናኘት መብት አለው ይላል።

ሽንኩርቱ ግን ይብቃ። ባለቤትሽ አንድ ቀን ከሌላ ሰው ቢሰማ «ሸዋሮቢት ማን ጋ ነው የምትመላለሰው?» ብሎ ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ በሉና ሻርፑን አሳይው። ስለ ማደሪያው ያን ማታ አታንሺ። መጀመሪያ ወንድም እንዳለሽ ይወቅ።

ቤትሽ ይምጣ ወይ ላልሽው፣ እኔ አይምጣ ባይ ነኝ። ይሰርቃችኋል ብዬ አይደለም። ይህ ሰው ከማሳደጊያ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ እስር ቤት የገባ ነው። ሁለቱም ቦታ መቼ እንደሚነሳና መቼ እንደሚበላ ሌላ ሰው ነው የሚወስንለት። ኪራይ ከፍሎ፣ ከአከራይ ተጣልቶ ታርቆ አያውቅም። ሳሎንሽ ውስጥ ፍራሽ ብታነጥፊለት ይህን ሳይማር ይቀራል። ባለቤትሽ ፊቱን ያጠቆረ ቀን ደግሞ ልብሱን ጠቅልሎ ይወጣል፤ የሚሄድበትን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ወላጅ ያለው ልጅ በ18 ዓመቱ «በል ውጣ» አይባልም። በሠላሳ ዓመቱም እናቱ ቤት ምሳ የሚበላ ሞልቷል! የማሳደጊያ ልጅ ግን ልደቱ ሲደርስ ሻንጣውን ይይዛል። ነገሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የመንግሥት ጥናት ከተጠየቁት እስረኞች ሩብ ያህሉ በልጅነታቸው ከወላጅ ውጪ፣ በመንግሥት እንክብካቤ ሥር የቆዩ ነበሩ። አብዛኛው የማሳደጊያ ልጅ ግን እንዳንቺ ሠርቶ አዳሪ ነው። አንቺን ያተረፈሽ ያቺ ሞግዚት ያስጠጋችሽ ጊዜ ይመስለኛል።

አሁን ለሱም እንዲህ ያለ ጊዜ ይገዛለት፣ ግን በአንቺ ኪስ ብቻ አይሁን። አብረዋችሁ ያደጉት የት ናቸው? ስልካቸውን የምታውቂውን ሰብስቢ። እቁብ ጀምሩና የመጀመሪያው ዕጣ ለሱ ይውጣ፤ የጥቂት ወር ኪራይ ከነፍራሹ ይችላል። ሥራ ሲፈልግ «ተያዥ አምጣ» መባሉ አይቀርም። ተያዥ የሚሆነውን ሰው ካሁኑ አስቡበት፤ ምናልባት ባለቤትሽ ራሱ ይሆናል።

አመክሮውንም አጣሩ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አመክሮ የሚታሰበው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ለጨረሰ ነው። ጠባዩ ይታያል፣ የበደለውን በአቅሙ መካሱም ይታያል። ስለዚህ ለሱቁ ባለቤት ካሳ ከፍሎ እንደሆነ ጠይቂው፤ ካልከፈለ ከእቁቡ በፊት እሱ ይቅደም።

ዝም ብለሽው ስለመጣሽ ደግሞ ቶሎ መልስ ላኪለት። «ቤቴ አይሆንም፣ ጠባብ ነው። ክፍል እንፈልግልሃለን። እሑድ እሑድ ምሳ እኔ ጋ ነህ» በይው። የእሑዱን ግን ባለቤትሽን ሳታስፈቅጂ እንዳትጽፊ።