መልስ፦ መጀመሪያ የገዛሁት ካሴት

በገዛ ገንዘባችሁ መጀመሪያ የገዛችሁት ሙዚቃ የትኛው ነው ብለው ለጠየቁን፣ የእኔ የማሪቱ ለገሰ ካሴት ነው፤ የገዛሁትም ደሴ ፒያሳ ከነበረ ሙዚቃ ቤት ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የታተሙትን፣ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙትን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ታላላቆቼ ያውቋቸዋል፤ እኔ ለመግዛት የደረስኩት ግን ካሴት ሸክላውን ከተካ በኋላ ነበር።

ካሴቱን የመረጥኩት ለአምባሰል ስል ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት አራት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች (የዜማ ስልቶች) ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ምድር በሚገኙ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው፤ እኛም በየሠርጉ ቤት ከማሲንቆ ተጫዋቾች እየሰማናቸው ብናድግም፣ አንድን ድምፅ ደጋግሞ ለማድመጥና ዜማው የት ላይ እንደሚወጣ፣ የት ላይ እንደሚወርድ ለይቶ ለማወቅ ያስቻለኝ ያ ካሴት ነው። ማሪቱ አምባሰልን ስታንቆረቁረው የሚስተካከላት አለ ብዬ ዛሬም አላምንም። ግጥሙን በቃሌ እስክይዝ ድረስ ቴፑን ወደ ኋላ እየመለስኩ አዳምጥ ነበር፤ እናቴም ቡና በተፈላ ቁጥር እርሱኑ እንድከፍትላት ታዘኝ ነበር።