አሮጌ ፒክአፕ ሲያንኳኳ፦ ጥያቄና መልስ ከኮምቦልቻ

ስለ አሮጌ ፒክአፖች ድምፅ ጠይቁኝ። «ያንኳኳል» ብቻ ግን አይበቃኝም፤ በብርድ ነው በሙቀት? ቆሞ ነው ዳገት ላይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለካርቡሬተር የቤንዚን ሃይሉክስ አለኝ። ደሴ ውስጥ ደህና ነው። ኮምቦልቻ ጭኜ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስጀምር ግን ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ይንኳኳል። ጋራዥ «ሞተሩ ይውረድ» አሉኝ።

መልስ፦ ለምን ይወርዳል? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር ገደማ። ደሴ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ያጥረዋል። ስለዚህ አንዳንድ መካኒክ ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) አዙሮ የካንዴላውን እሳት ያስቀድመዋል። እዚያ ጉዳቱ አይሰማም። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሲሊንደሩ ብዙ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ጭነትና ዳገት ሲታከልበት ያልተቃጠለው ቤንዚን በራሱ ይፈነዳል። ነዳጅ ስትቀንስ ድምፁ ወዲያው ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ታይሚንጉን፣ ማለትም እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ፣ በታይሚንግ መብራት አስለካና ፋብሪካው ወዳዘዘው ልክ አስመልስ። እስከዚያው ማርሽ ቀንሰህ ውጣ።

ጥያቄ፦ የእኔ ናፍጣ ነው። ሲሞቅ ከታች ከበድ ያለ ድምፅ ያሰማል፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ የዘይት መብራቱ ብልጭ ይላል።

መልስ፦ እርስዎ ያጥፉት፤ ተጎትቶ ይምጣ። ዘይቱ በንጹሕ ሳፋ ይቀዳ። ማግኔት የማያነሳው የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ የቢዬላው (ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያያይዘው ዘንግ) ብሮንዚና፣ ማለትም መሽከርከሪያ ልባሱ፣ ሳያልቅ አይቀርም። ክራንክ ሻፍቱ ሳይለካ አዲስ ብሮንዚና እንዲገጥሙልዎ አይፍቀዱ፤ ድምፁ ቶሎ ይመለሳል። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ድምፁን አፍኖ የሚሸጥም አለ፤ ሲገዙ ሞተሩ ሞቆ ይስሙት።

ጥያቄ፦ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ሳይፈታ ይታወቃል?

መልስ፦ በአሮጌው ናፍጣ፣ አዎ። በሚኒሞ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ቱቦ ነት ተራ በተራ ትንሽ ላላ ያድርጉ። ድምፁ የቀነሰበት እሱ ነው። በጨርቅ ይሸፍኑ፣ መነጽር ያድርጉ፣ እጅ አያስጠጉ፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። በአዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች (ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቱቦ እጅግ ከፍ ባለ ግፊት በሚይዙት) ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ ጠዋት በደሴ ብርድ ያንኳኳል፤ ሲሞቅ ይጠፋል።

መልስ፦ ሲሊንደሩ ለፒስቶኑ ሰፍቶት ይሆናል። ዘይት ካልበላና ጉልበት ካልቀነሰ ገንዘብህን አታውጣ፤ ሳይሞቅ ግን አታስጩኸው።

ጥያቄ፦ ሳጥኑን አስረዝሜ ፖርቶመጋላ አስበየድኩ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ላይ ብቻ ያንኳኳል።

መልስ፦ ሞተሩን ተወው። ብየዳው ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) እየነካው እንደሆነ ከሥር ገብተህ በእጅህ ነቅንቀህ እይ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ማለቴ ነው።