ጣቱ ያስደንቀኛል፣ ዘፈኑ ግን ይሰለቸኛል ላልከው

ጆሮህ ምንም አልሆነም። የጊታሪስቱ የኢንግቪ ማልምስቲን ፍጥነት አፍ ያስከፍታል፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ መሰልቸትህ ግን ጥፋት አይደለም። ማድነቅ ሌላ፣ መውደድ ሌላ።

ቪዲዮውን ተወውና ዓይንህን ጨፍነህ ስማው። በማግስቱ ሳታስበው የምታንጎራጉረው ዜማ ካለ ሙዚቃው ገብቶሃል ማለት ነው። ከዚያ የብሉዝ ጊታሪስቱን ቢቢ ኪንግን ክፈት። አንዲት ኖታ ይመታል፣ ክሩን በግራ ጣቱ ያርገበግባል፣ ዝም ይላል። እኔን ሆዴን የሚያባባኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በሜትሮኖም፣ ማለትም ምት በሚቆጥር መሣሪያ፣ ፍጥነትን ብቻ ተለማመድኩ። አንድ ቀን እናቴ «እስቲ ትዝታ ተጫወትልኝ» አለችኝ። ኖታዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አንዷን ረጋ ብዬ መያዝ ግን አቃተኝ። በጣም አዘንኩ። አንተ ከአሁኑ ልምምድህን ሁሌ ቀስ ባለ ዜማ ጨርስ።